ልኬቱ ከተቀባዩ ይጀምር፦ የዲጂታል ቪዲዮ ሥርጭት ክትትል ከአይከል ሲታይ

አንድ የቴሌቪዥን ወይም የርቀት ትምህርት ሥርጭት ተቋም «ሥርጭቱ ጤናማ ነው» ሲል የሚናገረው በአብዛኛው ከራሱ ማዕከል ስለ ወጣው ሲግናል ነው። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ያሉት ማያዎች ጥርት ያለ ምሥል ያሳያሉ፤ የማሠራጫው መብራት አረንጓዴ ነው፤ ተረኛው ባለሙያም በመዝገቡ ላይ «ችግር የለም» ብሎ ይፈርማል። ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ይሁንና ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው የጭልጋ ከተማ በአይከል፣ በዚያው ደቂቃ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ማያ ላይ ምን እንደ ታየ አያስረዳም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው፦ የዲጂታል ቪዲዮ ኔትወርክ ክትትል ቀድሞ መተከል ያለበት በመንገዱ መጨረሻ፣ ማለትም በተቀባዩ ዘንድ ነው። ይህም የድኅረ ምረቃ ትምህርት ክፍሎች ታላቅ በጀት ሳይጠብቁ በራሳቸው ዐቅም ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው።

ፕላዝማው ትቶት ያለፈው ጥያቄ

በ1997 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረውና በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት፣ ዲጂታል ቪዲዮን ወደ ኢትዮጵያ ወረዳ ከተሞች በስፋት ካደረሱት ቀዳሚ ሥራዎች አንዱ ነበር። ትምህርቱ በተወሰነ የጊዜ ሰሌዳ ከአዲስ አበባ ይለቀቃል፤ የክፍሉ መምህር ጥቂት ደቂቃ አስተዋውቆ ቦታውን ለማያው ይለቅቃል፤ በመጨረሻም ጥቂት ደቂቃ ወስዶ ያጠቃልላል። የሥርጭቱ ጠባይ ግን አንድ ነገር አይፈቅድም ነበር፤ እርሱም መጠበቅ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ሲግናል ከጠፋ ማያው በቀሪው አገር መናገሩን ይቀጥላል፤ ያመለጠው የሒሳብ ወይም የፊዚክስ ክፍለ ጊዜም በዚያው ቀርቶ ይቀራል።

ስለ ፕላዝማው የተደረገው ክርክር በአመዛኙ በማስተማሪያ ቋንቋው፣ በትምህርቱ ፍጥነትና በመምህሩ ሚና ላይ ያተኮረ ነበር፤ ተገቢም ነበር። ከቴክኒክ ወገን ያለው ጥያቄ ግን ያን ያህል አልተነሣም። ማያው በጠፋ ጊዜ ምክንያቱ ምን ነበር? መብራት ሄዶ ነው? ዲሹን ነፋስ አንቀሳቅሶት ነው? ኤልኤንቢው ተበላሽቶ፣ ገመዱ ውኃ ገብቶበት፣ ወይስ ዥረቱ ራሱ ከመነሻው ተጎድቶ ነው? ለእያንዳንዱ ምክንያት መፍትሔው ሌላ፣ ኃላፊውም ሌላ ነው። በየትምህርት ቤቱ ልኬት ሳይኖር የሚነገረው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አይሠራም» የሚል። ላኪው የሚያምነው የራሱን መዝገብ፣ ትምህርት ቤቱ የሚያምነው የራሱን ማያ ሲሆን፣ የማስረዳቱ ሸክም የሚወድቀው መለኪያ በሌለው ወገን ላይ ነው።

ጥያቄው የትናንት ብቻ አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮቪድ 19 ምክንያት ሲዘጉ ትምህርት እንደገና ወደ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ዞሯል። በእነዚሁ ዓመታት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከናይልሳት ወጥተው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት፣ «ኢትዮሳት» ወደተባለው የጋራ መድረክ ተዛውረዋል። የምድር ሥርጭቱም ዲቪቢ ቲ2 በተባለው የዲጂታል ሥርዐት እንዲሆን ተወስኗል። በ1998 ዓ.ም. በጄኔቫ የተደረሰው ዓለም አቀፍ ስምምነት ለዲጂታል ሽግግሩ ያስቀመጠው የሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. ገደብ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ሳይደርሱበት ያለፈ ነው። ሥርዐቱ ገና እየተገነባ ባለበት ጊዜ ክትትልን አብሮ መትከል፣ ኋላ ከማከል ይልቅ ይቀላል።

በዥረቱ ውስጥ የሚለካው ምንድን ነው?

ዲጂታል ቪዲዮ የሚጓዝበት ትራንስፖርት ስትሪም ከተቀባዩ ወገን ለመመርመር ምቹ ሆኖ የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ፓኬት 188 ባይት ነው። የመጀመሪያው ባይት ዋጋው ሁልጊዜ 71 ነው፤ ተቀባዩ ፓኬቱ ከየት እንደሚጀምር የሚያውቀው በእርሱ ነው። ቀጥሎ 13 ቢት ያለው መለያ ቁጥር ፓኬቱ የየትኛው ምሥል፣ ድምፅ ወይም ሠንጠረዥ ክፍል እንደ ሆነ ይናገራል። 4 ቢት ያለው የቀጣይነት ቆጣሪ ደግሞ ከ0 እስከ 15 እየቆጠረ ይመላለሳል፤ ቆጠራው ከዘለለ በመንገድ ላይ የጠፋ ፓኬት አለ ማለት ነው። ቆጣሪው የራሱ ዕውርነት አለው፤ ከአንድ መለያ በተከታታይ በትክክል 16 ፓኬቶች ከጠፉ ቆጠራው ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። ስለዚህ በአንድ መለኪያ ብቻ መደገፍ አይበቃም።

የአውሮፓ ቴሌኮሙኒኬሽን ደረጃዎች ተቋም ያወጣው ቲአር 101 290 የተባለው ሰነድ እነዚህን ምልክቶች በሦስት የቅድሚያ ደረጃዎች ይከፍላቸዋል። በመጀመሪያው ደረጃ ያሉት ምሥሉን ጨርሶ የሚያሳጡት ናቸው፦ የመነሻ ባይት መጥፋት፣ የቀጣይነት ስሕተት፣ እንዲሁም ተቀባዩ በዥረቱ ውስጥ ያሉትን ፕሮግራሞች የሚያውቅባቸው ሠንጠረዦች መዘግየት ናቸው። ዋናው የፕሮግራሞች ሠንጠረዥ ቢያንስ በየግማሽ ሰከንዱ መደገም አለበት። በሁለተኛው ደረጃ ካሉት ውስጥ የሰዓት ምልክቱ ይጠቀሳል፤ ላኪና ተቀባይ በ27 ሜጋ ኸርዝ የሚመታ አንድ ሰዓት እንዲጋሩ ዥረቱ የጊዜ ምልክት ይዞ ይጓዛል፤ በዲቪቢ አሠራር ይህ ምልክት በየ40 ሚሊ ሰከንዱ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ መድረስ ይኖርበታል። ሦስተኛው ደረጃ የተጨማሪ መረጃ ሠንጠረዦችን የመሳሰሉትን ይመለከታል።

ዥረቱ በአይፒ ኔትወርክ ሲጓዝ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። በተለመደው አሠራር 7 የትራንስፖርት ፓኬቶች በአንድ የኔትወርክ ፓኬት ይታሸጋሉ፤ ድምራቸው 1316 ባይት ስለሆነ በኤተርኔት 1500 ባይት ገደብ ውስጥ ይገባሉ። እንግዲህ አንድ የኔትወርክ ፓኬት ሲጠፋ ሰባት ይጠፋሉ። በሰከንድ 4 ሚሊዮን ቢት የሚወስድ አንድ ፕሮግራም በየሰከንዱ 380 ያህል የኔትወርክ ፓኬቶች ይልካል። ከ10,000 ፓኬት አንዱ ብቻ ቢጠፋ የኔትወርክ አስተዳዳሪው ውጤቱን «እጅግ መልካም» ይለው ይሆናል። ለተመልካቹ ግን በየ26 ሰከንዱ አንድ ጉዳት ማለት ነው፤ በ30 ደቂቃ ትምህርት ውስጥ ወደ 68 ጊዜ ይደርሳል። የጠፋው የሙሉ ምሥል ክፍል ከሆነ ደግሞ ቀጣዩ ሙሉ ምሥል እስኪደርስ ድረስ ጉዳቱ በማያው ላይ ይቆያል። ለኢሜይል ከበቂ በላይ የሆነ ኔትወርክ ለቪዲዮ ላይበቃ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በተለምዶ የሚደረገው የኔትወርክ ክትትል ይህን አያሳይም። የመሥመር አጠቃቀምን በየአምስት ደቂቃው በአማካይ የሚያሳይ ግራፍ፣ በጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ውስጥ የስዊቹ ማቆያ ሞልቶ የፈሰሱትን ፓኬቶች በአማካዩ ውስጥ ይውጣቸዋል። በ1998 ዓ.ም. በአርኤፍሲ 4445 የቀረበው የሚዲያ ማድረሻ መለኪያ ለዚህ ነው ሁለት ቁጥሮችን አጣምሮ የሚይዘው፤ አንዱ የመድረሻ ጊዜው መዋዠቅ ምን ያህል ማቆያ እንደሚጠይቅ፣ ሌላው በሰከንድ ስንት የሚዲያ ፓኬቶች እንደ ጠፉ ይናገራል።

አይከል ለምን?

አይከል የተመረጠችው ለምሳሌነት ያህል ብቻ አይደለም። ከተማዋ ደጋው ወደ መተማ ቆላ መውረድ ከሚጀምርበት አቅጣጫ ያለች፣ ክረምት የሚበረታባት ናት። ኤንኤስኤስ 12 ከአይከል ሲታይ በደቡብ ምሥራቅ አቅጣጫ፣ ከአድማስ 62 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ሲግናሉ ከዚያ ሲወርድ በዝናብ ውስጥ ያልፋል፤ በኬዩ ባንድ ያለውን ሞገድ ደግሞ ብርቱ ዝናብ ያዳክመዋል። ዲጂታል ሲግናል ሲዳከም እንደ ቀድሞው አናሎግ ቀስ በቀስ አይደበዝዝም፤ እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ቆይቶ በድንገት ይሰበራል። ተመልካቹ የሚያየው «ኖ ሲግናል» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ ነው። መለኪያ መሣሪያ ግን ከስብራቱ በፊት የሲግናሉ ጥራት ሲወርድ፣ የተስተካከሉት የቢት ስሕተቶችም ሲበዙ ያያል። የ60 ሳንቲ ሜትር ዲሽ በ90 ሳንቲ ሜትር መተካት ያስፈልግ እንደ ሆነ የሚያስረዳው ይኸው የቀረው ትርፍ ዐቅም ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ በትክክል ከሳተላይቱ በስተጀርባ ታልፍና ለጥቂት ቀናት፣ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃዎች ሲግናሉን በጩኸቷ ትሸፍነዋለች። በአይከል ለኤንኤስኤስ 12 ይህ የሚደርሰው በመጋቢት የመጀመሪያው ሳምንትና በመስከረም ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ሰዓቱ የትምህርት ሰዓት ነው። ይህን የማያውቅ የትምህርት ቤት ባለሙያ በደኅናው ጊዜ በትክክል የተተከለውን ዲሽ ሊነካካ፣ በዚያውም ለቀሪው ወር ሊያበላሸው ይችላል። ክስተቱ በስሌት አስቀድሞ የሚታወቅ ስለሆነ በጊዜ ሰሌዳ ላይ ቢጻፍ ይህ ሁሉ ድካም ይቀራል።

የክትትሉ አሠራር ሦስት ነጥቦችን ይጠይቃል። አንደኛው በላኪው ዘንድ ዥረቱ ወደ ሳተላይት ከመውጣቱ በፊት፣ ሁለተኛው በጎንደር፣ ሦስተኛው በአይከል ነው። ስሕተቱ በሦስቱም በአንድ ሰከንድ ከታየ መነሻው ላኪው ነው። በላኪው ዘንድ ሳይታይ በጎንደርም በአይከልም በአንድ ጊዜ ከታየ ጥርጣሬው ወደ ሳተላይት መውጫው ያዘነብላል። በአይከል ብቻ ከታየ ዝናቡ፣ ዲሹ ወይም ገመዱ ይመረመራል። ጎንደርና አይከል በቀጥታ መስመር ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚራራቁ አንድ ብርቱ ዝናብ ሁለቱን በአንድ ደቂቃ የሚያጠፋበት ጊዜ ጥቂት ነው። የአንድ ነጥብ ልኬት ስሕተት መኖሩን ይናገራል፤ የስሕተቱን ቦታ የሚያሳየው ግን ንጽጽሩ ነው።

ለንጽጽሩ የጊዜ መዝገብ መግባባት ግድ ነው። እዚህ ላይ የአገሩ ልማድ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የትምህርት ቤቱ መዝገብ «3፡20 ላይ ጠፋ» ሲል ኮምፒዩተሩ 9፡20 ይላል፤ የላኪው መሣሪያ በዓለም አቀፉ ሰዓት ከተሞላ ደግሞ 6፡20 ይጽፋል። ቀኑም በሁለት የዘመን አቆጣጠር ይጻፋል። ሦስቱም ስለ አንድ ቅጽበት እየተናገሩ የማይገናኙ ሦስት ክስተቶች ሊመስሉ ይችላሉ። መሣሪያዎቹ ሁሉ በጂፒኤስ ወይም በኔትወርክ ሰዓት ተስተካክለው በዓለም አቀፉ ሰዓት ይመዝግቡ፤ ለሰው የሚቀርበው ዘገባ ግን ትምህርት ቤቱ በሚያውቀው ሰዓትና ቀን ይዘጋጅ።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ችግር ሲኖር ሰዎች ደውለው ይናገራሉ» የሚል ነው። ቅሬታ ጠቃሚ ነው፤ ልኬት ግን አይደለም። የሚደውለው ስልክ ያለው፣ ለማን እንደሚደወል የሚያውቅና ደውሎ መልስ ያገኘ ነው። ደጋግሞ ደውሎ ሰሚ ያጣ መደወሉን ይተዋል፤ የእርሱም ዝምታ በላኪው መዝገብ እንደ ጤና ይቆጠራል። በዚህ ዐይነት፣ ሥርጭቱ እጅግ የከፋበት ቦታ ቅሬታ የማይሰማበት ቦታ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው «ሳተላይቱ አንድ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ መለካት ለሁሉም ይበቃል» ይላል። ይህ ስለ ዥረቱ ይዘት እውነት ነው፤ የፕሮግራም ሠንጠረዥ ከተበላሸ በሁሉም ቦታ ይበላሻል። ስለ አቀባበሉ ግን እውነት አይደለም፤ የአይከል ዝናብ በአዲስ አበባ ዲሽ ላይ አይዘንብም።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል፦ «ቀዳሚው ችግር መብራት ነው፤ ኃይል በሌለበት ስለ ፓኬት መነጋገር ቅንጦት ነው።» መብራት ቀዳሚ ችግር መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ይህ የክትትሉን አስፈላጊነት ያጠናክራል እንጂ አያፈርሰውም። መለኪያው በባትሪና በትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ቢሠራ የመብራቱን መጥፋት ራሱን ለይቶ ይመዘግባል። በአንድ ወሰነ ትምህርት ከጠፉት ሰዓቶች ስንቱ በመብራት፣ ስንቱ በዝናብ፣ ስንቱ በላኪው ጉድለት እንደ ሆነ ሲታወቅ፣ ትምህርት ቤቱ ጄኔሬተር ወይም ባትሪ የሚጠይቀው በማስረጃ ይሆናል። መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ መለኪያ ግን ከምንም አይሻልም፤ ባዶው ቦታ ኋላ እንደ ፈለጉት ይተረጎማልና።

በዚሁ ረገድ የመረጃ መላኪያው መንገድም ሊታሰብበት ይገባል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ልኬቱን ሁሉ በየደቂቃው በኢንተርኔት ወደ ማዕከል የሚልክ፣ ራሱ ግን ምንም የማያስቀምጥ ሥርዐት በእንዲህ ያለ ጊዜ ዕውር ይሆናል። መሣሪያው በራሱ ማስቀመጫ ወራት የሚበቃ መዝገብ ይያዝ፤ መሥመር ሲገኝ ይላክ፤ ካልተገኘም በፍላሽ ተገልብጦ በሰው እጅ ይድረስ።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ ድርሻ

ለጅምሩ የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ ዲሽና ኤልኤንቢ፣ በኮምፒዩተር የሚሠራ የሳተላይት መቀበያ ካርድ፣ አነስተኛ ኮምፒዩተር፣ ባትሪ፣ እንዲሁም የዝናብ መለኪያ። ዥረቱን ለመተንተን ቲኤስዳክ፣ የኔትወርኩን ፓኬቶች ለማየት ዋየርሻርክ የተባሉት ሶፍትዌሮች በነፃ ይገኛሉ። ቪዲዮው በካምፓስ ኔትወርክ በመልቲካስት የሚጓዝ ከሆነ ዥረቱን ሳያውኩ ለመመልከት ስዊቹ የአንድን መሥመር ቅጂ ወደ መለኪያው እንዲያወጣ ማዘዝ ይቻላል፤ ሆኖም የተጨናነቀ ስዊች ከቅጂው ላይ ራሱ ፓኬት ሊጥል ስለሚችል፣ የታየው ጉድለት የዥረቱ ይሁን የቅጂው በቅድሚያ ይፈተሽ።

አስቸጋሪው የሚሆነው ቆይታው ነው። የሁለት ሳምንት ልኬት ለመመረቂያ ጽሑፍ ሠንጠረዥ ይሞላል፤ ስለ ክረምቱ ግን አይናገርም። ከመስከረም እስከ ጳጉሜን የሚዘልቅ ልኬት ሁለቱን የፀሐይ ወቅቶች፣ በጋውንና ክረምቱን አንድ ላይ ይይዛል። አንድ ተማሪ ይህን ብቻውን ሊጨርሰው ላይችል ይችላል፤ ስለዚህ መዝገቡ የትምህርት ክፍሉ ሆኖ ከተማሪ ወደ ተማሪ ይተላለፍ። አማካሪዎችም አዲስ ስልተ ቀመር የሌለበትን፣ ነገር ግን አንድ ዓመት ሙሉ በጥንቃቄ የተያዘን ልኬት እንደ ሙሉ የምርምር ሥራ ይቀበሉት። በላቦራቶሪ በሠሩት ዝናብ የተፈተነ ስልተ ቀመር የአይከልን ሐምሌ አይተካም።

ክትትል በራሱ ምንም አይጠግንም። ማንም የማይመልስለት ማስጠንቀቂያ ቀስ በቀስ ማንም የማያየው ይሆናል። ስለዚህ መለኪያው ሲተከል ሦስት ነገሮች በጽሑፍ ይወሰኑ፦ የትኛው ስሕተት ስንት ሰከንድ ሲቆይ ማስጠንቀቂያ እንደሚሆን፣ ማስጠንቀቂያው ለማን እንደሚደርስ፣ የደረሰውም ሰው በስንት ጊዜ ውስጥ መልስ እንደሚሰጥ። የወሩ ዘገባም አስቀድሞ ለትምህርት ቤቱ ይሰጥ። መዝገቡ በላኪው እጅ ብቻ ከቀረ የማስረዳቱ ሸክም እንደ ቀድሞው በርእሰ መምህሩ ላይ ይቀራል። በትምህርት ቤቱ እጅ ከገባ ግን ርእሰ መምህሩ «አይሠራም» ከማለት አልፎ ቀኑን፣ ደቂቃውንና ምክንያቱን ጠቅሶ ያመለጠው ክፍለ ጊዜ እንዲደገም መጠየቅ ይችላል። ላኪውም የሚመልሰውን በቁጥር ለመመለስ ይገደዳል።